ለታክሲደርሚ የሚሆን የእንስሳ ፎርም፦ ልግዛ፣ ላስተካክል፣ ልሥራ ወይስ ርካሹን ቅጂ ልውሰድ?

ታክሲደርሚ የሞተን እንስሳ ቆዳ በሰው ሠራሽ አካል ላይ አልብሶ በሕይወት ያለ የማስመሰል ሙያ ነው። የለፋ ቆዳ ግን በራሱ ቅርጽ የለውም። አጥንትና ሥጋው ከወጣለት በኋላ እንደ እርጥብ ጨርቅ የሚተጣጠፍ ነገር ነው። ትከሻ የሚሰጠው፣ አንገቱን የሚያዞረው፣ ጉንጩ ላይ ጡንቻ የሚያወጣው ከሥሩ የሚገባው ፎርም ነው። ጥሩ ቆዳ በመጥፎ ፎርም ላይ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ይታያል፤ መካከለኛ ቆዳ በጥሩ ፎርም ላይ ሲድን ግን አይቻለሁ።

አሜሪካ ውስጥ ይህ ፎርም ዛሬ በአብዛኛው ከደረቅ ፖሊዩሬቴን ፎም ተሠርቶ በካታሎግ ቁጥር የሚታዘዝ ዕቃ ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብዙዎቹ ሠራተኞች ቆዳውን በጭድ ጠቅጥቀው ይሰፉት ነበር፤ በአሮጌ ሙዚየሞች ውስጥ ሆዱ ያበጠ፣ ፊቱ የተጣመመ አንበሳ የሚታየው ለዚህ ነው። ነገሩን በሰፊው የለወጠው አሜሪካዊው ካርል ኤክሊ ነበር። እንስሳውን በእውነተኛ አጥንቱ ዙሪያ በሸክላ ጭቃ ይቀርጸዋል፤ ከሸክላው ላይ በጄሶ ሞልድ፣ ማለትም ሌላ አካል የሚፈስበት ባዶ ቅርጽ፣ ያወጣል፤ ከሞልዱ ውስጥ ቀላልና ባዶ የሆነ አካል አውጥቶ ቆዳውን በላዩ ያለብሳል። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1896 ለቺካጎው ፊልድ ሙዚየም እንስሳት ለመሰብሰብ ወደ እኛው ጎረቤት ወደ ሶማሌላንድ መጥቶ ነበር። ሲሚንቶ በአየር ግፊት የሚረጨውን መሣሪያ የፈለሰፈውም እርሱ ነው፤ ዋሻ የሚለብጡ መሐንዲሶች ውለታው ከአንድ ታክሲደርሚስት እንደሆነ የሚያውቁት አይመስለኝም።

ሞልድ ሲመጣ ግን አንድ ጣጣ አብሮት መጣ። ከአንድ ሞልድ ብዙ ፎርም ይወጣል፤ ከእያንዳንዱ ፎርም ላይ ደግሞ ማንም ሰው ሌላ ሞልድ ማንሳት ይችላል። ስለዚህ ፎርም የሚፈልግ ሰው የሚመርጠው በዋጋና በጥራት መካከል ብቻ አይደለም፤ በሠሪውና በቀጂው መካከልም ነው።

ከሁሉ በፊት ሜትሩን ማንሳት

በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ ልኬት የሚወሰደው ቆዳው እንደተገፈፈ ከራሱ ከእንስሳው አካል ላይ ነው። የለፋ ቆዳ ይሳባል፤ ጎትተው ሲለኩት የፈለጉትን ቁጥር ይሰጣል። እስከ ትከሻ ለሚሠራ እንስሳ ሁለት ልኬቶች ከሌሎቹ ይበልጣሉ፦ ከዓይን የፊት ጥግ እስከ አፍንጫ ጫፍ ያለው ርዝመት፣ እና ከጆሮ ሥር ዝቅ ብሎ የሚለካው የአንገት ዙሪያ። ሙሉ አካል ከሆነ ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጅራት መነሻ ያለው ርዝመት፣ ከፊት እግሮች ኋላ ያለው የደረት ዙሪያና የእግሮቹ ቁመት ይጨመራሉ።

የአሜሪካ ካታሎጎች የሚጽፉት በኢንች ነው። 7 በ19 የሚል ፎርም ካያችሁ ከዓይን እስከ አፍንጫ 17.8 ሴንቲ ሜትር፣ አንገቱ 48.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ልኬታችሁ በሁለት ቁጥሮች መካከል ከወደቀ ትንሹን ውሰዱ። ትንሽ ፎርም በሸክላ ወይም በስቱኮ ይሞላል። ትልቁ ላይ ግን ቆዳው ተወጥሮ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ስፌቱም ይከፈታል። ፎም በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ይቀነሳል የሚሉ አሉ፤ ይቀነሳል፣ ነገር ግን ሲፋቅ አብሮ የሚሄደው የከፈላችሁበት ጡንቻ ነው።

ከካታሎግ መግዛት

ለተለመደ እንስሳ ከዚህ የሚሻል መንገድ የለም። ባለ ነጭ ጅራቱ የአሜሪካ አጋዘን በየዓመቱ በብዛት ስለሚታደን ፎርሙ በየመጠኑና በየአኳኋኑ ይገኛል፦ አንገቱን ቀና ያደረገ፣ በከፊል ቀና ያለ፣ አጎንብሶ የሚሹለከለክ፣ ወደ ግራ የዞረ፣ ወደ ቀኝ የዞረ። እንደ ማኬንዚ ያሉ ትልልቅ አቅራቢዎች ለአንዱ የአጋዘን ዓይነት ብቻ የያዙት የፎርም ብዛት አዲስ ገዢን ግራ ያጋባል። እስከ ትከሻ ያለው የተለመደ ፎርም ከ100 ዶላር በታች ይገኛል። ለአንድ እንስሳ ብሎ ሸክላ ቀርጾ፣ ሞልድ አውጥቶ፣ ፎም አፍስሶ በዚህ ዋጋ የሚወጣ ሰው የለም፤ የራሱን ጊዜ ዋጋ ካልቆጠረ በስተቀር።

ስትገዙ የቀራጩን ስም ፈልጉ። የታወቁ አቅራቢዎች ፎርሞቻቸውን በተከታታይ ስብስብ ከፋፍለው የትኛው ቀራጭ እንደሠራቸው ይገልጻሉ። ይህ ለጉራ የሚደረግ አይደለም። አንዱ ቀራጭ አንገትን አወፍሮ የመራቢያ ወቅት ላይ ያለ ወንድ አጋዘን ይሠራል፤ ሌላው በበጋ የቀጠነውን። አንዱ ጆሮ የሚተከልበትን ቦታ ጨርሶ ይሰጣችኋል፤ ሌላው ለእናንተ ይተወዋል። የቀራጩን እጅ ከለመዳችሁ የሚቀጥለውን ፎርም ሳታዩት ብታዝዙም አያስደነግጣችሁም።

ፎርሙ ሲደርሳችሁ ላዩ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ከሞልዱ ሲወጣ የቀረ ልባስ አለበት ማለት ነው። ሙሉ በሙሉ አሻክሩት። ማጣበቂያ በለስላሳ ቦታ ላይ አይዝም፤ ቆዳው ሲደርቅ ከጉድጓዳማ ቦታዎች፣ በተለይ ከዓይን ፊትና ከአንገት ጅማት ሥር፣ ይነሳል።

የተገዛውን ማረም

የካታሎጉ ፎርም ከእንስሳችሁ ጋር ሙሉ በሙሉ አይገጥምም ብላችሁ ገምቱ። አንገት ቆርጦ ማዞር፣ ጭንቅላትን ከሌላ መጠን አምጥቶ መቀጠል፣ የተቆረጠውን በሚፈስ ፎም መሙላት የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። የገዛችሁትን አንድ ፎርም ለአንድ እንስሳ እንደፈለጋችሁ ቆርጣችሁ የተጠናቀቀውን ሥራ ብትሸጡ ማንም አይጠይቃችሁም፤ ፎርሙ የተሸጠላችሁ ለዚሁ ነው።

መስመሩ የሚጣሰው ከዚያ በኋላ ነው። አንገቱን አዙሬዋለሁ፣ ጆሮውን ለውጫለሁ፣ ስለዚህ አዲስ ነው ብሎ በታረመው ፎርም ላይ ሞልድ አውጥቶ የሚሸጥ ሰው አለ። በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ከሌላው ሥራ ላይ ተነስቶ የተለወጠ ሥራ የማዘጋጀት መብትም የመጀመሪያው ባለቤት ነው። ጆሮ መቀየር ቀራጭ አያደርግም።

ርካሹ ቅጂ

አቀዳዱ ቀላል ስለሆነ ነው የሚያጓጓው። አንድ ፎርም ይገዛል፤ ማላቀቂያ ይቀባል፤ በፋይበርግላስ ወይም በሲሊከን ይሸፈናል፤ ለሁለት ይከፈላል፤ ፎም ይፈስበታል። ወራት የፈጀው የቀራጭ ሥራ በጥቂት ቀን ውስጥ የሌላ ሰው ምርት ይሆናል። ዋጋው የሚረክሰው ቀጂው ጎበዝ ነጋዴ ስለሆነ አይደለም፤ ውዱን ክፍል፣ ሬሳ መለካቱን፣ ሸክላ መቅረጹን፣ ሦስት ጊዜ አፍርሶ መጀመሩን፣ ስላልከፈለበት ነው።

ሥነ ምግባሩን ለጊዜው እንተወውና ስለ ዕቃው እናውራ። ቅጂ ከዋናው ያንሳል። የሞልዱ ሬዚን ሲጠነክር ይሰበሰባል፣ በውስጡ የሚፈሰው ፎምም ሲቀዘቅዝ በመጠኑ ይሰበሰባል፤ ይህ ዋናው ሲሠራ አንድ ጊዜ ደርሷል፣ ቅጂው ላይ ሁለተኛ ጊዜ ይደርሳል። ካታሎጉ ላይ 7 ኢንች የተባለው ፊት ከዚያ አጥሮ ይመጣል። ልዩነቱ በአንገት ላይ ላይታይ ይችላል። በዓይን ዙሪያ ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር የእንስሳውን መልክ ይለውጣል። በዚያ ላይ የእንባ ጉድጓዱ ሞልቶ፣ የአፍንጫው ጠርዝ ደንዝዞ ይገኛል፤ እያንዳንዱ ሞልድ ከበፊቱ የተወሰነ ዝርዝር ይበላልና። ፎሙንም ለማርከስ አሳስተውት ከሆነ ቀንድ የሚይዘው ብሎን ይላላል፤ ከባድ ቀንድ ያለው እንስሳ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከዓመት በኋላ አንገቱ ላይ ስንጥቅ ያወጣል።

ቅጂን ለመለየት ፎርሙን በመስኮት ብርሃን አግድም አድርጋችሁ ተመልከቱት። ሁለት የሞልድ መጋጠሚያ መስመር፣ አንዱ ጉልህ ሌላው ደብዘዝ ያለ፣ ጎን ለጎን ከታየ ደብዛዛው ከዋናው ፎርም የተወረሰ ነው። ሌላው ምልክት የብርጭቆ ወረቀት ጭረት ነው፦ ጭረቱ ፎሙን ቆርጦ የገባ ሳይሆን ከላዩ ጋር አብሮ የተወለደ ከሆነ፣ አንድ ሰው ለማጣበቅ ያሻከረው ፎርም ተቀድቷል ማለት ነው። ከዚያ ገልብጡትና ጀርባውን እዩ። ሠሪዎች ምልክታቸውንና ቁጥራቸውን ብዙውን ጊዜ የሚያትሙት እዚያ ነው፤ በተለየ ሁኔታ የለሰለሰ አራት ማዕዘን ቦታ ካገኛችሁ በስቱኮ የተደፈነ ስም ይኖራል። በመጨረሻ ሻጩን ማን እንደቀረጸው ጠይቁት። እውነተኛ አቅራቢ ስለ ቀራጩ ማውራት ይወዳል። ቀጂ ስለ ዋጋው ያወራል።

ፍርድ ቤት ምን አለ?

ይህ ጉዳይ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ተፈትኗል። ክርክሩ ከሚጠበቀው በላይ ጥልቅ ነበር፤ ምክንያቱም የአሜሪካ ሕግ አገልግሎት የሚሰጥ ዕቃን በቅጂ መብት በቀላሉ አይጠብቅም። ወንበር ቅርጻ ቅርጽ አይደለም። የልብስ መስቀያ አሻንጉሊትም በ1985 (እ.ኤ.አ.) በኒው ዮርክ በተወሰነ ጉዳይ ጥበቃ ተነፍጎታል። ታዲያ ቆዳ የሚለብሰው የእንስሳ ፎርም ከልብስ መስቀያው በምን ይለያል?

ሱፒሪየር ፎርም ቢልደርስ የተባለው ሠሪ ዳን ቼዝ ታክሲደርሚ ሰፕላይ የተባለውን አቅራቢ ፎርሞቼን ቀድቷል ብሎ ከሰሰ። አራተኛው የይግባኝ ችሎት (የአሜሪካ ፌዴራል ይግባኝ ችሎቶች በቁጥር ይጠራሉ) እ.ኤ.አ. በ1996 ለከሳሽ ፈረደ፤ የ400,000 ዶላሩን ካሳም አጸና። ዳኞቹ ያዩት ልዩነት እኔን ያሳምነኛል፦ የልብስ መስቀያው ሥራ ልብሱን ማሳየት ነው፤ የእንስሳው ፎርም ግን የሚያሳየው የራሱን መልክ ነው። ቆዳው ከለበሰ በኋላ ተመልካቹ የሚያደንቀው ጡንቻ፣ የአንገት ዝንባሌና አቋም የቀራጩ ናቸው።

በዚያው ዓመት ሁለተኛው የይግባኝ ችሎት በዓሣ ፎርሞች ላይ የቀረበ ሌላ ክርክር ተመለከተና ወደ ሥር ፍርድ ቤት መለሰው። የሥር ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1997 የወሰነው በተቃራኒው ነው፤ የአንድ ዓሣ አካል ሊሠራ የሚችልበት መንገድ በጣም ጠባብ ስለሆነ ሐሳቡና አገላለጹ አይለያዩም፣ ስለዚህ ጥበቃ የለውም አለ። ለገዢ የሚሰጠው ትርጉም ይህ ነው፦ ለአጥቢ እንስሳ ፎርም ጥበቃው ጠንካራ ነው፣ ለዓሣ ደካማ ሊሆን ይችላል። ዓሣ የሚሠሩ ሰዎች ግን ከዚህ ተነስተው ሁሉም ፎርም የጋራ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ፍርዱ እንዲህ አይልም።

የአጋዘንን አካል ማንም በባለቤትነት አይዝም። ማንኛውም ሰው የራሱን ሬሳ ለክቶ፣ የራሱን ሸክላ ቀርጾ፣ ከካታሎጉ ፎርም ጋር አንድ ዓይነት አቋም ያለው አጋዘን ቢሠራ መብቱ ነው። የተከለከለው የሌላውን ሰው እጅ መውሰድ ነው። ሆን ተብሎ ለተፈጸመ መተላለፍ የአሜሪካ ፍርድ ቤት ዛሬ ለአንድ ሥራ እስከ 150,000 ዶላር ሊወስን ይችላል። አገር ቤት ደግሞ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ቅርጻ ቅርጽን በስም ጠቅሶ ከሚጠብቃቸው ሥራዎች ውስጥ ያስገባል።

ራስ መሥራት

እዚህ ላይ መንገዱ ይከፈላል። ለወፍና ለትንሽ አጥቢ እንስሳ የቆየው ዘዴ አሁንም ይሠራል፦ የተገፈፈውን አካል አጠገብ አስቀምጦ፣ የእንጨት ፍቅፋቂ በሽቦ ዙሪያ በክር እየጠቀለሉ ያንኑ አካል መድገም። ወጪው ኢምንት ነው፣ ልኬቱም የዚያው የእንስሳው ነው። ፍቅፋቂው በደንብ ካልደረቀና ካልጸዳ ግን ነፍሳት ይዞ ይገባል፤ ቆዳ የሚበላው ጥንዚዛ ከውስጥ ከጀመረ ከውጭ የምታዩት ሥራው ካለቀ በኋላ ነው።

ከዚያ ተለቅ ላለው ከፎም ብሎክ መቅረጽ አለ። ቢላዋ፣ ሞረድና ትዕግሥት ይፈልጋል። ለአንድ እንስሳ ብቻ ከሆነና ካታሎግ ውስጥ ከሌለ የምመርጠው ይህን ነው። ሸክላ ቀርጾ ሞልድ ማውጣት ትርጉም የሚኖረው አንድን ዓይነት እንስሳ ደጋግማችሁ የምትሠሩ ከሆነ ነው፤ ያኔ የመጀመሪያው ፎርም ውድ ይሆናል፣ ቀጣዮቹ ይረክሳሉ፣ ሞልዱም የእናንተ ንብረት ይሆናል።

ፎም በራሳችሁ የምታፈሱ ከሆነ ተቀላቅለው ፎም ከሚሆኑት ሁለት ፈሳሾች ተጠንቀቁ። አንደኛው አይሶሳያኔት አለበት፤ ትነቱ የመተንፈሻ አካልን ያስቆጣል፣ አንዴ ሰውነት ከተቆጣበት በኋላ በትንሹም አስም ሊቀሰቅስ ይችላል። የአቧራ ጭንብል አይከላከለውም፤ ለኬሚካል ትነት የተሠራ ማጣሪያ ያለው ጭንብል፣ ጓንትና ነፋስ የሚያገኝ ቦታ ያስፈልጋል። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ማፍሰስ ቁጠባ አይደለም።

ስካንና ማተሚያ አዲሱ መንገድ ነው። የተገፈፈውን አካል ስካን አድርጎ በኮምፒውተር አቋሙን ማረምና ከፎም በማሽን ማስቆረጥ ይቻላል። ሁለት ነገር ግን ይታወቅ። የካታሎግ ፎርምን ስካን ማድረግ ከሞልድ ማውጣት በምንም አይለይም፤ መሣሪያው ስለዘመነ ድርጊቱ አይቀየርም። በሌላ በኩል፣ ከእውነታው ምንም ሳይለውጥ የተቀዳ ስካን ራሱ ጥበቃ ላያገኝ ይችላል፤ አሥረኛው የይግባኝ ችሎት እ.ኤ.አ. በ2008 የቶዮታ መኪኖችን አስመስለው በተሠሩ ዲጂታል ቅርጾች ላይ የወሰነው ይህንኑ ነው። ስካናችሁን መነሻ አድርጉና የእጃችሁን ሥራ ጨምሩበት።

ከአዲስ አበባ ሆኖ ለሚሠራ

ሂሳቡ እዚህ ይገለበጣል። ፎርም ቀላል ነው፣ ነገር ግን ቦታ ይይዛል፤ የአየር ጭነት ደግሞ የሚከፈለው በክብደት ወይም በይዘት ከሁለቱ በሚበልጠው ነው። በተለመደው ስሌት 6,000 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር እንደ 1 ኪሎ ይቆጠራል። 100 በ70 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን ውስጡ ያለው ፎርም ጥቂት ኪሎ ብቻ ቢመዝንም የምትከፍሉት የ70 ኪሎ ነው። ርካሹ ፎርም ቦሌ ሲደርስ ርካሽ አይደለም። ስለዚህ አሜሪካ ላለ ሰው ግዛ የምለውን፣ አዲስ አበባ ላለ ሰው ቅረጽ እላለሁ።

የደጋ አጋዘንን ውሰዱ። ሳይንስ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ ከኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች፣ በተለይ ከባሌና ከአርሲ ተራሮች፣ ውጭ በዱር አይገኝም። የሚታደነው በጣም ጥቂት ስለሆነ ለፎርም ሠሪ ብዙም ገበያ አይሆንም። የውጭ ታክሲደርሚስቶች ብዙውን ጊዜ ከቆላው አጋዘን ፎርም ተነስተው ያርሙታል፤ ስለዚህ የእኛው እንስሳ በሰው አገር ግድግዳ ላይ የዘመዱን ፊት ለብሶ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ትክክለኛውን ልኬት ሊያገኝ የሚችለው እዚህ ያለ ባለሙያ ነው። በሕጋዊ መንገድ የታደነ ወይም በራሱ የሞተ እንስሳ ሲገኝ ፊቱን በጄሶ ቀድቶ ልኬቱን የመዘገበ ሰው፣ በካታሎግ በቀላሉ የማይገኝ ዕቃ ይዟል።

ፎሙ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ቆዳው ግን ይጠይቃል። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ውጤት መያዝንና መነገድን ይከለክላል፤ ድንበር ሲሻገር ለአደጋ የተጋለጡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው የሳይቴስ ስምምነት ይጨመራል። ፎርም ከመግዛታችሁም ከመቅረጻችሁም በፊት የቆዳው ወረቀት እጃችሁ ላይ ይሁን።

ቀራጭ ቀጥራችሁ የምታሠሩ ከሆነ ደግሞ ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በአሜሪካ ሕግ በራሱ የሚሠራ ቀራጭ መብቱን በጽሑፍ ካላስተላለፈ፣ ገንዘቡን እናንተ ብትከፍሉም የቅጂ መብቱ የእርሱ ሆኖ ይቀራል፤ ፎርሙ የእናንተ ሊሆን ይችላል፣ እርሱን የማባዛት መብት ግን አይሆንም። ሞልዱ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ፣ ከሞልዱ ስንት ፎርም እንደሚፈስ፣ ለሌላ ሰው መሸጥ እንደሚቻልና እንደማይቻል፣ የቀራጩ ስም በጀርባው ላይ እንደሚታተምና እንደማይታተም አንድ በአንድ ይጻፍ። ቀራጩ ስሙ እንዲታተም ከጠየቀ እሺ በሉት፤ ፎርሙን ሊቀዳ የሚያስብ ሰው በመጀመሪያ የሚፍቀው እርሱን ነውና።